ኢንተርኔት እና ገመናዎ፦ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ስልኩን እያገላበጡ "ይሄ ነገር ስለ እኔ ምን ምን ያውቃል?" ለሚሉ እናቶች፣ አባቶች እና አያቶች፣ አጠገባቸው ሆነው ለሚያግዟቸው ልጆችም ጭምር።

ዲጂታል አሻራ ሲባል ምን ማለት ነው?

በእርጥብ መሬት የሄደ ሰው ዱካው ይቀራል። ኢንተርኔት ላይም እንደዚያው ነው። ፎቶ ሲለጥፉ፣ ቪዲዮ ሲያዩ፣ ጎግል ላይ አንድ ነገር ሲፈልጉ ከኋላዎ ምልክት ይቀራል። የእነዚህ ምልክቶች ድምር ነው ዲጂታል አሻራ የሚባለው።

አንዳንዱን አሻራ አውቀው ይተዉታል። የሞሉት ቅጽ፣ የጻፉት አስተያየት፣ የለጠፉት ፎቶ እንደዚያ ነው። ሌላው ሳያውቁት ይቀራል፦ ስልኩን በስንት ሰዓት እንደከፈቱ፣ የት ሆነው እንደከፈቱት፣ የትኛው ዜና ላይ ቆም እንዳሉ። ሰው የሚጠነቀቀው ለመጀመሪያው ነው። የሚበዛው ግን ሁለተኛው ነው።

እኔ ምንም ለጥፌ አላውቅም። ታዲያ አሻራ ይኖረኛል?

ይኖርዎታል። ስልክዎ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ አይፒ አድራሻ የሚባል ቁጥር ይሰጠዋል። የሚከፍቱት ድረ ገጽ ይህን ቁጥር ያያል። ከእሱም ተነስቶ በየትኛው አገር፣ ብዙ ጊዜም በየትኛው ከተማ አካባቢ እንዳሉ ይገምታል።

ሌሎች ሰዎች ስለ እርስዎ የሚተዉት አሻራም አለ። ልጅዎ ፎቶዎን ለጥፋ "እናቴ ዛሬ 70 ዓመት ሞላት" ካለች የልደት ቀንዎ ከነዓመቱ አደባባይ ወጣ ማለት ነው። ጓደኛዎ አንድ አፕ ጭኖ የስልክ ማውጫውን እንዲያነብ ከፈቀደለት የእርስዎም ስም እና ቁጥር አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ቤተሰብዎን "ስለ እኔ ከመለጠፋችሁ በፊት ጠይቁኝ" ማለት ነውር የለውም።

የምደብቀው ነገር የለኝም። ምን አስጨነቀኝ?

ይህን በጣም ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ገመና እና ወንጀል ግን አንድ አይደሉም። የቤትዎን በር የሚዘጉት የተሰረቀ ዕቃ ስላለ አይደለም። ሐኪም የነገረዎትን፣ ከወንድምዎ ጋር ያኮራረፈዎትን፣ እጅዎ ላይ ያለውን ገንዘብ ለመንገደኛ አይናገሩም። ዕድሜዎን ሙሉ ለማን ምን እንደሚነገር ለይተው ነው የኖሩት። እዚህም የሚያስፈልገው ያው ችሎታ ነው። የተለወጠው ነገር የሚሰማዎት ጆሮ የት እንዳለ አለመታየቱ ነው።

ደግሞም ትናንሽ መረጃዎች ሲገጣጠሙ ቁልፍ ይሆናሉ። "የመጀመሪያ አስተማሪህ ማን ነበሩ? የልጅነት ቅጽል ስምህስ?" እያሉ ፌስቡክ ላይ የሚዞሩ ጨዋታዎችን አይተው ይሆናል። የይለፍ ቃል ሲረሳ አንዳንድ አካውንቶች የሚጠይቁት እነዚህኑ ጥያቄዎች ነው። ጨዋታውን ከተጫወቱ መልሱን ለሁሉም ተናገሩ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ የፌስቡክ ተጠቃሚዎች መረጃ ካምብሪጅ አናሊቲካ ለተባለ የፖለቲካ አማካሪ ድርጅት መተላለፉ ታወቀ። መነሻው አንድ የስብዕና መጠይቅ አፕ ነበር። አፑን የጫኑት ሰዎች ወደ 270,000 ገደማ ናቸው። የቀረው የጓደኞቻቸው መረጃ ነው። እነዚያ ጓደኞች አንድም ጥያቄ አልመለሱም።

ድረ ገጽ ስከፍት "ኩኪ ይቀበሉ" የሚል ሣጥን ይመጣል። ምን ልጫን?

ኩኪ ድረ ገጹ ስልክዎ ወይም ኮምፒውተርዎ ላይ የሚያስቀምጠው ትንሽ ማስታወሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሉ ሞንቱሊ የሚባል፣ ድረ ገጽ መክፈቻ (ብራውዘር) ይሠራ የነበረው የኔትስኬፕ ድርጅት ባለሙያ ነው የፈጠረው። ያን ጊዜ ዓላማው ድረ ገጹ ተመልሶ የመጣን ሰው እንዲያስታውስ ነበር። ኋላ ላይ ማስታወቂያ አቅራቢዎች ሰውን ከድረ ገጽ ድረ ገጽ ለመከተል ተጠቀሙበት።

"ሁሉንም ውድቅ አድርግ" ወይም "አስፈላጊዎቹን ብቻ" የሚል ካለ እሱን ይጫኑ። ብዙ ጊዜ "ተቀበል" የሚለው በደማቅ ቀለም ይቀመጥና ሌላው ደብዘዝ ብሎ ጥግ ይይዛል። ዓይንዎ ስለደከመ አይደለም፤ ሆን ተብሎ ነው እንደዚያ የተሠራው። ውድቅ ስላደረጉ ገጹ አይዘጋብዎትም፤ አብዛኛውን ጊዜ እንደተለመደው ያነቡታል።

አፖች ካሜራ፣ ሎኬሽን እና የስልክ ማውጫ ሲጠይቁኝ ልፍቀድ?

በቅርቡ ከእናቴ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን የስልኳን ፈቃዶች አንድ በአንድ አየን። እንደ እጅ ባትሪ የሚያበራ አንድ አፕ ነበራት። የስልክ ማውጫዋን እና ያለችበትን ቦታ የማየት ፈቃድ ተሰጥቶታል። እናቴ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ ጥቂት አየችውና "መብራት ለማብራት የእህቴ ቁጥር ምን ያደርግለታል?" አለች።

ከዚህ የተሻለ መመዘኛ አላውቅም። አፕ ፈቃድ ሲጠይቅ "ለሚሠራው ሥራ ይሄ ምን ያደርግለታል?" ብለው ይጠይቁ። የካርታ አፕ ያሉበትን ቦታ ቢጠይቅ ያስኬዳል። የቪዲዮ ጥሪ ያለ ካሜራ አይሆንም። የመጫወቻ ካርታ (ካርድ) ጨዋታ ግን መልእክትዎን ማንበብ አያሻውም። ቦታዎን ሲጠይቅ ደግሞ "አፑን ስጠቀም ብቻ" የሚለውን ይምረጡ።

ቀድሞ የፈቀዱትን ለማየት ሴቲንግ ውስጥ ይግቡና ፕራይቬሲ የሚለውን ይክፈቱ። አንድሮይድ ስልክ ላይ ፐርሚሽን ማናጀር ይላል። አይፎን ላይ ካሜራ፣ ማይክሮፎን፣ ሎኬሽን እያለ በየስሙ ተዘርዝሯል። ፈቃድ ቢከለክሉ ስልኩ አይበላሽም። ካስፈለገ እዚያው ተመልሰው መፍቀድ ይችላሉ።

የይለፍ ቃሎቼን ደብተር ላይ ብጽፍ ነውር ነው?

አይደለም። ቤትዎ ውስጥ፣ ሰው በቀላሉ የማያገኘው ቦታ የተቀመጠ ደብተር ጥሩ መፍትሔ ነው። ሌባው ያለው ሩቅ አገር ሆኖ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ የእርስዎን መሳቢያ አይከፍትም። ደብተሩን ግን ቦርሳዎ ውስጥ ይዘው አይዙሩ። ፎቶ አንስተውም ስልክ ላይ አያስቀምጡት።

ከደብተሩ ይልቅ የሚያስፈራኝ አንድ የይለፍ ቃል ለሁሉም ነገር መጠቀም ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ያሁ ላይ በደረሰ ዘረፋ 3 ቢሊዮን አካውንቶች ተነክተዋል። አንድ ቦታ የወጣ የይለፍ ቃል ሌላ ቦታም ይሞከራል። ቢያንስ የኢሜልዎ እና የባንክዎ ለየብቻ ይሁኑ። ኢሜል በተለይ! የሌሎቹን ሁሉ የይለፍ ቃል መቀየሪያ ሊንክ የሚመጣው እዚያ ነው።

የይለፍ ቃሉ ረጅም ይሁን። የማይገናኙ አራት ቃላትን ቢደረድሩ ለእርስዎ ለማስታወስ ይቀላል፣ ለሌላው ለመገመት ይከብዳል። የልጅ ስም እና የልደት ዓመት ግን ይቅር።

ስለ አንድ ዕቃ ካወራሁ በኋላ ማስታወቂያው ይመጣል። ስልኬ ያዳምጠኛል?

ሁላችንም አጋጥሞናል፤ ያስደነግጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ17,000 በላይ የአንድሮይድ አፖችን ፈትሸው ነበር። በድብቅ ማይክሮፎን ከፍቶ ድምፅ የሚልክ አላገኙም። ስክሪን ላይ የሚታየውን እየቀረጹ ለሌላ ወገን የሚልኩ ግን አገኙ።

አስተዋዋቂዎች ያለ ድምፅም ብዙ ያውቃሉ። ስለ ጉልበት ሕመም ከእህትዎ ጋር አወሩ እንበል። ማታ እህትዎ በእርስዎ ዋይፋይ ስለ ጉልበት ሕመም ፈለገች። ሁለታችሁ በአንድ አይፒ አድራሻ ነው የምትታዩት። ማስታወቂያው ወደ እርስዎም ቢመጣ አይገርምም። ካልተመቸዎት ለማያስፈልገው አፕ ሁሉ የማይክሮፎን ፈቃዱን ያጥፉ።

የልጅ ልጆቼን ፎቶ መለጠፍ እችላለሁ?

ወላጆቻቸውን ይጠይቁ። ልጁ ከፍ ያለ ከሆነ እሱንም ይጠይቁት። የሕፃን አሻራ የሚጀምረው ራሱ ስልክ ከመያዙ በፊት ነው።

ሲለጥፉ ከልጁ ጀርባ ያለውን ይመልከቱ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ የቤት ቁጥር፣ የመኪና ሰሌዳ ይነበባል? ስልክዎ ካሜራ ላይ ሎኬሽን ከበራ ፎቶው የተነሳበት ትክክለኛ ቦታ እና ሰዓት ፋይሉ ውስጥ ይጻፋል። በዓይን አይታይም፤ ፋይሉን የያዘ ሰው ግን ሊያነበው ይችላል። የካሜራውን የሎኬሽን ፈቃድ ማጥፋት ይበቃል። የጉዞ ፎቶ ደግሞ ከጉዞ ሲመለሱ ይለጠፍ። "ቤቴ ባዶ ነው" ብለው በር ላይ አይጽፉምና።

አንድ የማውቀው ሰው "በስህተት ኮድ ወደ አንተ ልኬአለሁ" አለኝ። ልስጠው?

አይስጡ። በምንም ዓይነት፣ ለማንም።

አጎቴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። የቆየ ጓደኛው ከሚጠቀምበት የዋትስአፕ አካውንት መልእክት መጣለት፦ "ባክህ፣ በስህተት ባለ ስድስት አኃዝ ኮድ ስልክህ ላይ ገብቷል። ቶሎ ላክልኝ፤ ሥራ ላይ ነኝ።" አጎቴ ሰው መርዳት ይወዳል። መነጽሩን ፈልጎ፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጽፎ ላከ። ጥቂት ቆይቶ ከራሱ አካውንት ተባረረ። ያ ኮድ የጓደኛው ሳይሆን የራሱ የአጎቴ አካውንት በር ቁልፍ ነበር። ጓደኛውም ቀድሞ በዚሁ መንገድ ተዘርፏል። ከዚያ በአጎቴ ስም ለዘመድ ወዳጁ ሁሉ "ገንዘብ አበድሩኝ" የሚል መልእክት ተበተነ። አጎቴን ከገንዘቡ በላይ ያመመው "ሞኝ ሆንኩ" የሚለው ሐሳብ ነው። ሁለት ቀን ለማንም አልተናገረም። ሌባው በእነዚያ ሁለት ቀናት ሥራውን ሠራ።

ስለዚህ ከደረሰብዎት ዝም አይበሉ። ወዲያው ደውለው ለቤተሰብ እና ለወዳጅ ያሳውቁ። ዋትስአፕን እንደገና ከፍተው በስልክ ቁጥርዎ ይግቡ፤ አዲስ ኮድ ሲመጣልዎ ሲያስገቡት ሌላው ሰው ብዙውን ጊዜ ይወጣል። ባንክ ከተነካ መጀመሪያ ለባንኩ ይደውሉ፣ ከካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር።

ለወደፊቱ ደግሞ ዋትስአፕ ሴቲንግ ውስጥ፣ አካውንት ከሚለው ሥር፣ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚባለውን ያብሩ። እርስዎ ብቻ የሚያውቁት ባለ 6 አኃዝ ቁጥር ይጨምርልዎታል። ኮዱ ቢያመልጥዎት እንኳ ሌባው ሁለተኛ በር ይጠብቀዋል። ቴሌግራምም ተመሳሳይ ነገር አለው።

የልጄን ድምፅ ሰማሁ፤ "አደጋ ደርሶብኛል፣ ገንዘብ ላኩ" ይላል። እንዴት አምናለሁ?

ዛሬ ድምፅን በኮምፒውተር አስመስሎ መሥራት ይቻላል። ኢንተርኔት ላይ የተለጠፈ አጭር ቪዲዮ ለናሙና ይበቃል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ስለዚህ ዓይነቱ ማጭበርበር ሕዝቡን አስጠንቅቋል።

ስልኩን ይዝጉት። ከዚያ ራስዎ በሚያውቁት ቁጥር ለልጅዎ ይደውሉ። ካላነሳ ለባለቤቱ ወይም ለጓደኛው ይደውሉ። "ለማንም እንዳትናገሩ" ካለ ያ ራሱ ምልክት ነው። ከቤተሰብ ጋር አንድ የምስጢር ቃል መስማማትም ጥሩ ነው። የትም ያልተጻፈ፣ ቤተሰቡ ብቻ የሚስቅበት የቆየ ቃል ይሁን።

የቁልፍ ምልክት ያለው ድረ ገጽ ይታመናል? ኢንኮግኒቶስ ይደብቀኛል?

ሁለቱም ከሚታሰበው ያነሰ ነው የሚሠሩት። የቁልፍ ምልክቱ በእርስዎ እና በድረ ገጹ መካከል የሚያልፈውን ሌላ ሰው በመንገድ እንዳያነበው መቆለፉን ብቻ ይናገራል። ባለቤቱ ታማኝ ይሁን አጭበርባሪ አይነግርዎትም። አጭበርባሪም ቁልፍ ያደርጋል።

ኢንኮግኒቶ (ድረ ገጽ መክፈቻው ላይ ያለው የግል መስኮት) ደግሞ ያዩትን ነገር እርስዎ ስልክ ላይ አያስቀምጥም። ስልኩን የሚጋራዎት ሰው አያየውም። የኢንተርኔት አቅራቢው እና የሚከፍቱት ድረ ገጽ ግን ያያሉ።

ዋትስአፕ እና ቴሌግራም ላይ የምጽፈውን ሌላ ሰው ያነበዋል?

ዋትስአፕ ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ መልእክትን ከላኪው እስከ ተቀባዩ ይቆልፋል፤ ድርጅቱ ራሱ ይዘቱን አያነበውም። ከማን ጋር፣ መቼ እንደተጻጻፉ ግን ሊያውቅ ይችላል። ቴሌግራም ላይ እንዲህ የሚቆለፈው "ሚስጥራዊ ቻት" የሚባለው ብቻ ነው። የተለመደው ቻት እና ግሩፕ ድርጅቱ ሰርቨር (የራሱ ኮምፒውተር) ላይ ይቀመጣል።

ቁልፉ የማያግደው ሰውን ነው። የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ የጻፉትን አንዱ ስክሪንሾት አንስቶ ቢያስተላልፍ ማንም ቴክኖሎጂ አያስቀረውም። የጤና ጉዳይ እና የቤተሰብ ቅሬታ በስልክ ጥሪ ወይም በአካል ቢሆን ይሻላል።

የለጠፍኩትን ብሰርዝ ከኢንተርኔት ይጠፋል?

ከእርስዎ ገጽ ይጠፋል። ሌላ ሰው ቀድቶት ከሆነ ግን ቅጂው ይኖራል። ያም ሆኖ መሰረዝ ዋጋ አለው፤ ነገ የሚፈልግዎት ሰው የሚያገኘው ያንሳል። የፌስቡክ አካውንት ሙሉ በሙሉ እንዲሰረዝ ከጠየቁ በ30 ቀን ውስጥ ሐሳብዎን መቀየር ይችላሉ። ከዚያ በኋላ መረጃው ተጠርጎ እስኪያልቅ እስከ 90 ቀን ሊወስድ ይችላል። አፑን ከስልክ ማጥፋት ግን አካውንቱን አይሰርዘውም። ይህ በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ሰዎች በስማቸው ሲፈለግ የሚወጣ ያረጀ ወይም አግባብ የሌለው ውጤት ጎግል እንዲያነሳላቸው መጠየቅ እንደሚችሉ ወስኗል። ውሳኔው ለአውሮፓ ነው። ሌላ ቦታ ያለ ሰውም ቢሆን ስልክ ቁጥሩ ወይም የቤት አድራሻው ጎግል ላይ ሲወጣ እንዲነሳ ማመልከት ይችላል። አንድ ቀን ቁጭ ብለው ስምዎን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርገው ይፈልጉ። የሚያገኙት ሊያስገርምዎት ይችላል።

አሮጌውን ስልኬን ለሌላ ሰው ልሰጥ ነው። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ፎቶ እና የስልክ ቁጥሮችዎን ወደ አዲሱ ያሻግሩ። ሲም ካርዱን እና ሚሞሪ ካርዱን ያውጡ። ከጎግል ወይም ከአፕል አካውንትዎ ይውጡ። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ፋክተሪ ሪሴት የሚለውን፣ ማለትም ሁሉንም ነገር ጠርጎ ስልኩን እንደ አዲስ የሚያደርገውን ይጠቀሙ። ፎቶ አንድ በአንድ ማጥፋት በቂ አይደለም። ስልክ ቁጥርም ከቀየሩ ባንክዎ እና ኢሜልዎ ላይ ያለውን አሮጌ ቁጥር ይቀይሩ። የተተወ ቁጥር ከጊዜ በኋላ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ኮዱም ወደዚያ ሰው ይሄዳል።

ልጆቼ የስልኬን የይለፍ ቃል ያውቃሉ። ችግር አለው?

ይህን ጥያቄ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚጠይቁኝ። ልጆቻቸውን የሚጠራጠሩ እንዳይመስሉ ይፈራሉ። ነገር ግን ገመና ከቤተሰብም ጋር አለ። ከሐኪም ጋር የተጻጻፉት፣ ከድሮ ወዳጅ የመጣ መልእክት፣ ለአንዱ ልጅ ሰጥተው ለሌላው ያልነገሩት ገንዘብ የራስዎ ጉዳይ ነው።

እርዳታ ሲፈልጉ ስልኩን አሳልፈው አይስጡ። አጠገብዎ ያስቀምጧቸውና በራስዎ ጣት ይጫኑ። ቀስ ይላል፤ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ብቻዎን ይችሉታል። የባንክ አፕ የራሱ የተለየ የምስጢር ቁጥር ይኑረው። ኢሜልዎ በማን ስልክ ቁጥር እንደተከፈተም ያረጋግጡ። ብዙ ጊዜ ልጅ ለማቅለል ብሎ በራሱ ቁጥር ይከፍትና ቁልፉ እሱ ጋ ይቀራል። ያሉበትን ቦታ ልጆችዎ በስልክ እንዲያዩ ከተስማሙ ጥሩ፤ እርስዎ ሳያውቁት ግን መሆን የለበትም።

ልጆችም ይህን ብታነቡ፦ አባታችሁ ስልኩን ሲሰጣችሁ መልእክቶቹን አትክፈቱ። እናንተ ላይ እንዲደረግ የማትወዱት ነው።

እኔ ካለፍኩ በኋላ አካውንቶቼ እና ፎቶዎቼ ምን ይሆናሉ?

ሰው ይህን ማንሳት ይከብደዋል። ሳይነሳ ሲቀር ግን ቤተሰብ በሐዘን መሐል የይለፍ ቃል ሲፈልግ ይገኛል። ጎግል ለሁለት ዓመት ያልተከፈተ የግል አካውንትን ከነፎቶው ሊሰርዝ ይችላል።

አሁኑኑ መወሰን ይቻላል። ፌስቡክ ላይ ገጽዎን የሚረከብ አንድ ሰው ይመርጣሉ፤ ያ ሰው የግል መልእክትዎን ማንበብ አይችልም። አፕልም የሚያምኑትን ሰው ያስመርጥና ቁልፍ የሚሆን ኮድ ይሰጣል። ኮዱን አትመው ለዚያ ሰው ይስጡት፤ ከሞት የምስክር ወረቀት ጋር ይጠየቃል። ጎግል ላይ ኢንአክቲቭ አካውንት ማናጀር የሚባል ቦታ አለ። እዚያ አካውንቱ ስንት ወር ዝም ሲል እርምጃ ይወሰድ፣ እስከ 10 ከሚደርሱ ሰዎች ለማን ምን ይሰጥ የሚለውን አንድ በአንድ ይመርጣሉ። ፎቶውን ለልጅ ልጅ፣ ሰነዱን ለልጅ ማለት ይቻላል። ኢሜልዎን ማንም እንዳያየው ከፈለጉ ለማንም ሳይሰጡ ሁሉም ይሰረዝ የሚለውን መምረጥ ይችላሉ።